ቫይረስ የመሰላት

«የምትፈልጉትን አሁኑኑ ተናገሩ፤ ኋላ ጠፋብን ብትሉኝ ጆሮ የለኝም!» አለች ሰሚያ፣ ብሎን መፍቻዋን እንደ አርጩሜ ሽቅብ አንስታ። ከሶፋውና ከቴሌቪዥኑ መሀል በተረፈችው ጥግ የቤቱ ኮምፒውተር ሆዱ ተከፍቶ ተጋድሟል። ከሰሞኑ ሲያበሩት ሰማያዊ ገጽ ብቻ እያሳየ መልሶ ድርግም ማለት ጀምሯል። ጥገና ቤቶቹ ዊንዶውሱን አጥፍተው እንደ አዲስ ለመጫን ስምንት መቶ ብር ቢጠይቁ፣ ጋሽ አብዱልባሲጥ «ቤቴ ኢንጅነር አስቀምጨ ለናንተ ልገብር?» ብለው በባጃጅ አስጭነው መልሰውታል። ኢንጅነር የተባለችው ይችው የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ተምራ፣ ዲግሪዋን በፍሬም አሰቅላ፣ ሥራ እጠብቃለሁ ስትል ዓመት ያለፋት። ደመወዝ ባይኖራትም ስም አላትና፣ ስሟን የምታሳይበት ቀን በማግኘቷ ከማለዳ ጀምራ ሽር ጉድ ትላለች።

«የኔ የግብር ወረቀትና የሱቁ ኪራይ ውል» አሉ ጋሽ አብዱልባሲጥ ፉላቸውን በዳቦ እየጠረጉ። «የልጄ የአሪፋ የሠርግ ቪዲዮ ደግሞ እንዳይጠፋ፤ ባሕር ዳር ሆና ታለቅስብሻለች።» ልጃቸው ሙሰብ የባጃጁን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣ «ፊልሞቼን! ሌላው ገደል ይግባ፤ ፊልሞቼን ከነካሽ ግን አንተዋወቅም» አለ። «ሌላስ?» አለች ሰሚያ። ጋሽ አብዱልባሲጥ ክፍሉን በዓይናቸው ቃኘት አደረጉና «ሌላማ ማን አለ?» አሉ። በዚያ ቤት የሚኖረው አራት ሰው ነው። አራተኛዋ ሚስታቸው ሸሪፋ ናት፤ የገበያ ቀን ስለሆነ የጨርቃ ጨርቅ ሱቁን ልትከፍት ገና በማለዳ ወጥታለች። ሱቁ ሩቅ አይደለም፤ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገናኙበት ዝቅ ብሎ ነው። ስልክም አላት። ግን ማንም «እሷስ?» አላለም። ጋሽ አብዱልባሲጥን ሁሉም አንቱ ይላቸዋል፤ ሸሪፋን ሁሉም አንቺ ይላታል፣ በእጇ ያደገችው ሰሚያም ሳትቀር። ፍቅር ነው ይላሉ፤ ፍቅርም ሊሆን ይችላል። የሆነው ሆኖ ሰሚያ «በሉ እንግዲህ፣ ቢስሚላህ» ብላ የዲስኩን ብሎን መፍታት ጀመረች።

ጊዜው ሩዝ የሚፈለፈልበት ሰሞን ነው። ከፎገራ ሜዳ የመጣው ሩዝ በየመፈልፈያው ደጅ በጆንያ በጆንያ ተደርድሮ ይውላል፤ ረፋዱ ላይ ማሽኖቹ ሲነሡ የሰፈሩ መብራት ይደክማል፣ አንዳንዴም ጭራሽ እልም ይላል። ዊንዶውስ እየተጫነ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ሥራው እንደገና ከሀ ነው። ሰሚያ ማሽኖቹ ሳይነሡ ልትጨርስ ቸኩላለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ዲስኩን ነቅላ በኬብል ከራሷ ላፕቶፕ ጋር አገናኘችውና የተባለችውን መገልበጥ ያዘች፤ መጀመሪያ የግብሩን ወረቀት፣ ቀጥሎ ሠርጉን፣ ከዚያ የላፕቶፗን ቦታ ሙልጭ አድርገው የጨረሱትን የሙሰብን ፊልሞች። ኢንተርኔት ላይ ሰቅላ ብትገላገል ደስ ባላት ነበር፤ ኔትወርኩ ግን መጣ ሲሉት የሚሄድ ነው።

ሊያልቅ ሲል ነው ስሙ የማይነበብ አንድ ፎልደር ያየችው። ከፈተችው። የፋይሎቹ ስም ሁሉ የፈረንጅ ፊደል ከዶላር ምልክት፣ ቃለ አጋኖ ከመደመር ምልክት ጋር የተቦካበት፣ እንግሊዝኛም አማርኛም ያልሆነ ጉድ ነው። አንዱን ብትከፍተው ውስጡም ያው፤ መስመር በመስመር፣ አጠር አጠር እያለ የተደረደረ ዝብርቅርቅ። «ወይኔ፣ ቫይረስ ጨርሶታል!» አለች። ወዲያው ደግሞ ላፕቶፗ እንዳይለከፍባት ፈራች። የማን ይሆን ብላ አሰበች፤ ማሰቡንስ አስባለች፣ በሐሰት አትታማም። ኮምፒውተሩ ጋሽ አብዱልባሲጥ ዱሮ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት በነበራቸው ጊዜ ሲያገለግል ኖሮ፣ ቤቱ ሲዘጋ ወደ ሳሎን የገባ ነው። ስለዚህ ይህ ከዚያ ዘመን የቀረ የሰው ማመልከቻ መሆን አለበት። ጫማቸውን ሲያጠልቁ ደርሳ፣ «ጋሼ፣ የድሮው ጽሕፈት ቤት ወረቀት ያስፈልግዎታል? ቫይረስ በልቶታል» ብትላቸው፣ «የሰው ማመልከቻ ምን ሊረባኝ! ጣይው እንጅ» ብለዋት ወጡ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ፋይሎቹ የተጻፉበት ቀን የጽሕፈት ቤቱ ዘመን አለመሆኑን፣ ገና የቅርብ ጊዜ መሆኑን ኮምፒውተሩ ከጎናቸው አስፍሮት ነበር። አላየችውም። ይልቅ የከፈተችውን ገጽ በስልኳ ፎቶ አንስታ ለሙሰብ አሳየችው፤ እሱም «የጅን ደብዳቤ!» ብሎ ሲስቅ አብራው ሳቀች። ከዚያ ዲስኩን ወደ ቦታው መልሳ፣ ሁሉም ይጥፋ የሚለውን ተጫነች።

አልሐምዱሊላህ፣ መብራቱ አልሄደም። ዊንዶውሱ ተጭኖ ሲያበቃ የተገለበጠውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች፤ ሠርጉ ገባ፣ ግብሩ ገባ፣ ፊልሞቹ ገቡ። ብርሃኑ የጠራ ገጽ ላይ የፎገራን ሜዳ ፎቶ ለጠፈችበት። ኮምፒውተሩን በዳንቴል መሸፈኛው አልብሳ፣ የሳሎኑን አቧራ ጠርጋ፣ ሶፋው ላይ ተንፈላሳ ተቀመጠች። እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ጠዋት ሰሚያ በራሷ ኮርታ ነበር፤ የሠራችው ሥራ አላት፣ ቤቱም ውስጥ እንጀራ ብቻ የምትበላ ሰው አይደለችም።

ሸሪፋ ለዙሁር ሶላትና ለምሳ ብቅ ስትል ሙሰብም ባጃጁን ደጅ አቁሞ ገባ። ሰግዳ ስታበቃ ሦስቱም ትሪውን ከበቡ፤ የሩዝ እንጀራ በምስር ወጥ ነው። ሸሪፋ ስለ ገበያው አወራች፤ ገጠሬው ሩዙን ሽጦ ለልጆቹ ጨርቅ እየገዛ እንደሆነ፣ አንዱ ለሚስቱ ነጠላ ሲመርጥ ግማሽ ቀን እንደፈጀባት። ሰሚያ ኮምፒውተሩን ከፍታ ብታሳያት «ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ» አለችና ጉርሻ አጎረሰቻት። «ቫይረሱን አሳይያት እንጅ!» አለ ሙሰብ አፉ ሙሉ ሆኖ። «የጅኑን ደብዳቤ!» ሰሚያ እየሳቀች ስልኳን ዘረጋችላት። ሸሪፋ ቀኝ እጇ ወጥ ነክቶት ስለነበር በግራዋ ተቀበለችው። ፎቶውን ሰፋ አድርጋ አየችው። ማኘኳን አቆመች። ከንፈሯ ድምፅ ሳያወጣ ተንቀሳቀሰ፤ ዓይኗ ከመስመር ወደ መስመር ወረደ፣ ሰው ፊደል እያነበበ እንደሚወርደው። «ይኼ እዚያ ላይ አሁንም አለ?» አለች ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከተች። «ምን በወጣው! አጸዳሁትኮ» አለች ሰሚያ። «ሁሉንም?» «ሁሉንም! አንድም አልቀረለት።» «አበጀሽ» አለች ሸሪፋ። ስልኩን መለሰችላት። ሰሚያ ያን ጊዜ ነው የሸሪፋን ቀኝ እጅ ያየችው። ከትሪው ጠርዝ ላይ ጣቶቿ አንድ በአንድ ይነሣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ሌባ ጣት፣ መሀል ጣት፣ አውራ ጣት። መተየቢያ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ጣት ነው። ሰሚያ የጠቀለለችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰችው።

ሸሪፋ «ጠገብኩ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ሙሰብ ስለ ነዳጅ ወረፋ እያወራ ብቻውን በላ። ሰሚያ ተከትላት ስትገባ ሸሪፋ እጇን እየታጠበች ነበር፤ ጆጉ ውስጥ ያለው ውሃ እስኪያልቅ ታጠበች። «እትዬ፣ ያ ጽሑፍ ያንቺ ነው?» አለቻት። «የአባቴ ነው» አለች ሸሪፋ። ከዚያም ቀስ ብላ፣ እንደ ተራ ወሬ፣ ነገሩን ነገረቻት። በዚያ በጽሕፈት ቤቱ ዘመን መተየቢያው ላይ የምትቀመጠው እሷ ነበረች፤ ባለቤቱ አብዱልባሲጥ ቢባልም ሰው «ለሸሪፋ ስጧት» ነበር የሚለው። የዚያን ጊዜ አማርኛ በፈረንጅ ፊደል ጀርባ ተደብቆ የሚጻፍ ነው፤ የግዕዙ ፊደል ፎንት ባልተጫነበት ኮምፒውተር ከተከፈተ የፈረንጁ ፊደል ራቁቱን ይወጣል። ሌላ አታውቅም፣ ጣቷ የለመደው እሱን ነው። አባቷ መሐመድሰዒድ የአንበሳሜ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ጁምዓ ሲመጣ ሰው ሰብስበው ከራሳቸው የፈጠሩትን መንዙማ ይላሉ። ጉልበታቸው ሲይዛቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዛቸው ሄዳ ስታስታምም፣ ማታ ማታ እሳቸው ሲሉ እሷ በስኳር ወረቀት ላይ ጻፈች። በስልክ ልቅዳዎ ብትላቸው «ከሞትኩ በኋላ ድምፄን ሣጥን ውስጥ እንዳታስጮሂው» ብለው እምቢ አሉ። ሰሚያ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ነበረች። ሸሪፋ ወደ ቤት ስትመለስ ሁሉንም ተየበችው። እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። «ወረቀቱስ?» አለች ሰሚያ። «ከሰል አያያዝኩበት። አይጥ ከሚበላው ብየ። ኮምፒውተሩ ላይ አለ አይደል?» አለች ሸሪፋ፣ የእጇን ውሃ በቀሚሷ እየጠረገች።

ብትጮህባት ይሻል ነበር። ጥፊ ብታቀምሳት፣ «አንች ደንቆሮ!» ብትላት ይሻል ነበር። ሰሚያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። «መጠየቅ ነበረብኝ» አለች። «ሱቅ ነበርኩ።» «ስልክ ነበረሽ።» «አንች ምን ታውቂ፣ ፊደሉን አታውቂው» አለች ሸሪፋ፤ ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለአጎትሽ እንዳትነግሪ። ገና ሥራ ያልያዝሽ ልጅ ነሽ፣ ስም ይወጣብሻል። እኔም ምንም አልጠፋብኝ። በይ ነይ ሱቅ ልሂድ፣ በሩን ዝጊልኝ» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሰሚያ በሩን ይዛ፣ በባጃጆቹ መሀል ስትሻገር፣ የሩዝ ጆንያ የጫነ ጋሪ ሲያልፍ ቆማ ስትጠብቅ፣ ከዚያ ገበያው ውስጥ ስትገባ ድረስ አየቻት። ሰው በሐዘኑ ሰዓት የሌላውን ስም ሲጠብቅ ማየት እንዴት ያቃጥላል! ያን ያህል ጊዜ አብራት ኖራ፣ ሸሪፋ ኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጥ የአሪፋን ሠርግ የምታይ ወይም ካርታ የምትጫወት ነበር የሚመስላት።

ከሰዓቱን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋች። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ላፕቶፗ ላይ ነበራት፤ አስገባችውና ዲስኩን ያስስ ጀመር። መፈልፈያዎቹ ተነሥተው ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ አምፖሉ ይደክማል፣ ይነቃል፣ ይደክማል። በየደቂቃው «ያ ረቢ፣ መብራቱን አቆይልኝ» ትላለች። ፕሮግራሙ ስሞቹን አገኘላት፤ ያ ዝብርቅርቅ ስም አንድ በአንድ ወረደ። ብትከፍታቸው ግን ባዶ ሣጥን የተደረደረባቸው ገጾች ናቸው፤ አንዳንዱም ጭራሽ አልከፍት አለ። ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ ለዚህስ ተምራለች። ጽሑፉ በነበረበት ቦታ ላይ ዊንዶውሱና የሙሰብ ፊልሞች ተኝተውበታል። መኪና ሲገለበጥ፣ ሰው በጥይት ሲወድቅ የሚያሳዩት ፊልሞች በመሐመድሰዒድ ቃል ላይ ተደርበውበታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፤ ጽሑፎቹ በሙሉ ተደምረው የአንድ ፎቶ ያህል ቦታ እንኳ አይዙም ነበር። ቢገለበጡ ምንም አይከብዱም ነበር። የቀረው ስልኳ ላይ ያለው፣ ለሳቅ ያነሣችው አንድ ገጽ ብቻ ነው።

ከአሱር ሶላት በኋላ ጋሽ አብዱልባሲጥ ሱቁን ለሙሰብ ሰጥተው ከሸሪፋ ጋር ሲመለሱ ጎረቤታቸውን መምህር ደሴን ይዘው ገቡ። መምህር ደሴ ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ የመጣ የታሪክ አስተማሪ ነው፤ የሱም ላፕቶፕ እንዲሁ ሰማያዊ ገጽ እያሳየ አስቸግሮታል። ጋሽ አብዱልባሲጥ ኮምፒውተሩን አስከፈቱና የአሪፋን ሠርግ አስጀመሩ። «ይኸውልህ መምህር፤ ጥገና ቤቶቹ ስምንት መቶ ብር ብለውኝ ነበር። የኛዋ ልጅ በግማሽ ቀን! አንዲት ነገር ሳታጠፋ!» አሉ ጭናቸውን እየመቱ። «እንዲያ ነው እንጅ መማር!» አለ መምህር ደሴ፤ «ነገ የኔን አምጥቸ እጅሽን አያለሁ።» ሸሪፋ ሻይ ይዛ ገባች፤ ለእንግዳው፣ ለባሏ፣ ከዚያ ለሰሚያ አቀረበች። ሰሚያ ብርጭቆውን ስትቀበል ዓይኗን ማንሣት አቃታት። ያ ሁሉ ምስጋና እላይዋ ላይ ሲወርድ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። ዝም ማለትም ይቻል ነበር፤ ሸሪፋ ራሷ ዝም በይ ብላታለች፣ ሠርጉም እየጨፈረ ነው፣ ሰዉም ደስ ብሎታል። ግን ዝም ካለች ያ ጽሑፍ ሁለተኛ እንደሚጠፋ፣ ይህን ጊዜ ደግሞ አውቃ እንደምታጠፋው ታወቃት።

«አጥፍቻለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ከሠርጉ ከበሮ በላይ ስለወጣ ራሷም ደነገጠች። «ምኑን?» አሉ አጎቷ። «የሸሪፋን። የጻፈችውን ሁሉ አጥፍቻለሁ። ቫይረስ መስሎኝ።» ጋሽ አብዱልባሲጥ ሳቁ። ክፋት የለበትም ሳቃቸው፤ ያ ነው የባሰው። «የሸሪፋ? ሸሪፋ ደግሞ ምን ነበራት? ካርታ ጨዋታዋን ነው?» «እርስዎ ነዎት ጣይው ያሉኝ» የሚል ቃል የሰሚያ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ጠዋት እሷም ያው ነበረች። ሠርጉን አጠፋችውና፣ ቆማ፣ እንደ ተከሳሽ፣ ነገሩን ከነምክንያቱ ነገረቻቸው፤ ፊደሉን፣ ወንዛዬን፣ አማታቸው ጉልበታቸውን በፍል ውሃው ሲታሹ ያሉትን። መምህር ደሴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሸሪፋ የሻዩን ትሪ እንደያዘች በሩ አጠገብ ቆማ «ተይ አንች ልጅ፣ ተይ» ትላለች። ጋሽ አብዱልባሲጥ ግንባራቸውን አሻሹ፤ ትንሽ ያፈሩ፣ ትንሽ የተናደዱ ይመስላሉ፣ በእንግዳ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ስለተነሣ። ከዚያ መላ ያገኙ መስሏቸው ፊታቸው ፈታ አለ። «ታዲያ ምን ችግር አለው? የአባቷ ቃል አይደል፣ ከልቧ ታወጣዋለቻ! እሷ ትበል፣ አንች ጻፊ፤ አለቀ። በይ እስኪ ሸሪፋ፣ አንዱን በይልን።»

ሸሪፋ ባሏን አየቻቸው። በትዳር ዘመኗ ሁሉ እንግዳ ፊት ተቀምጣ አውርታ አታውቅም። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ነጠላዋን ወደ ፊት ሳበች። አላዜመችውም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ልጅ እንደተማረው ሱራ፣ ቃል በቃል አለችው።

«የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት፣
ልቤም እንደሱ ነው ረሕመትህ ይረፍበት፤
በርበሬ ስመዝን ዕድሜዬ አለቀ፣
የኔን ሚዛን ጉድለት ጌታዬ አወቀ፤»

መምህር ደሴ «አቤት!» አለ ሳያስበው። ጋሽ አብዱልባሲጥ ከሶፋው ቀና አሉ፤ ከሚስታቸው ጋር ዛሬ ገና ሰው ያስተዋወቃቸው ይመስል አፍጥጠው ያዩዋት ጀመር። ሰሚያ መተየቢያው ፊት ተቀምጣ እየጻፈች ነበር፤ እንባዋ እያስቸገራት ፊደል ትስታለች፣ ታርማለች። ሸሪፋ ትንፋሽ ወሰደች።

«ነገ ከዚያ ሜዳ ስንቆም ተሰልፈን፣»

አለችና ቆመች። ሁሉም ቤት የሚመታውን መስመር ጠበቀ። አልመጣም። መስመሩን ከመጀመሪያው ደገመችው፤ «ነገ ከዚያ ሜዳ ስንቆም ተሰልፈን» አለች፣ ግንባሯን በመዳፏ ደግፋ። ደጅ መፈልፈያው ያለ ዕረፍት ያጓራል። ሦስተኛ ሞከረችው፣ በሹክሹክታ፤ ግማሹ ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ተያዘባት። «በይ እንጅ፣ ከዚያስ?» አሉ ጋሽ አብዱልባሲጥ፤ አሁን ከልባቸው መስማት ፈልገዋል፣ ድምፃቸውም ይለምናል።

«ከዚህ ወዲያ ያለው ነው የጠፋው» አለቻቸው።